የቀላያት እስትንፋስ እንዴት ተሰፈረ

ከወላይታ ሶዶ ከተማ፣ ከኦቶና ሰፈር ተነሥቶ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የዳሞታን ተራራ የወጣ ሰው፣ ሰማዩ ከጠራለት፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲመለከት ቀይ አፈር የተቀላቀለበት የአባያ ሐይቅ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ተንጣልሎ ያያል፤ ፊቱን ወደ ምዕራብ ሲመልስ ደግሞ የኦሞ ወንዝ ለዘመናት ቈርጦ ያበጀው፣ በእኛ ዘመን በግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ተከትሮ ሐይቅ የሆነው ጥልቅ ሸለቆ የሚገኝበትን አገር ያስተውላል። ስለዚህ ምድርና ስለ ሕዝቡ፣ የአገሬው ትውፊት የነገሥታቱን ሐረግ ከሚስብበት ከሞቶሎሚ አንሥቶ በ1887 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ተዋግተው እስከ ተማረኩት እስከ ካዎ ጦና ድረስ፣ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። የውሃዎቹ ነገር ግን ከገጻቸው አልፎ ወደ ውስጣቸው ሳይዘልቅ ረጅም ዘመን ቆይቷል።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድለት አይደለም። የሰው ልጅ የምድርን ስፋት በገመድ፣ የተራራን ቁመት በማዕዘን መለኪያ፣ የከዋክብትን ጉዞ በሐሳበ ዘመን ከለካ በኋላም፣ በሐይቅና በባሕር ቀላያት ውስጥ ሟሙቶ የተሰወረውን ጋዝ ለመስፈር ብዙ ትውልድ ደክሟል። እኔ ልተርከው የተነሣሁት ይህን ድካም፣ በተለይም ሜቴን የተባለውን ጋዝ በውሃ ውስጥ የመለካት ጥበብ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ነው። «ውሃ ምን ያስጮህሃል ቢሉት፣ ውስጤ ያለው ድንጋይ አለ» የሚለው የአበው ብሂል፣ የነገር ሁሉ መንሥኤ ከገጹ ሳይሆን ከውስጡ እንዲፈለግ ያስተምራልና፣ ለዚህ ታሪክ የተገባ መግቢያ ይመስለኛል። ዘመናቱን ዓ.ም. ብዬ ካላመለከትሁ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጻፍኋቸው መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሜቴን ከአንድ የካርቦንና ከአራት የሃይድሮጅን አተሞች የተዋቀረ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው፣ በእሳት ሲነካ የሚነድ ጋዝ ነው። ኦክስጅን በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ዘአካላት፣ ከላይ ወርዶ የተከማቸውን ቅጠል፣ ሥርና የዋቅላሚ ቅሪት ሲያፈራርሱ ይፈጠራል፤ በእሳተ ገሞራ አገርም ከምድር ሆድ ከሚወጡት ጋዞች ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ይህን የጭቃ ጋዝ በሥርዓት የመረመረው የመጀመሪያው ሰው ጣልያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ነበር። እርሱም በ1776 በኅዳር ወር፣ በማጆሬ ሐይቅ ዳር በአንጄራ አጠገብ የረጋውን ውሃ ወለል በበትር እየነካካ፣ የሚነሡትን አረፋዎች ውሃ በሞላበትና አፉ ወደ ታች በተደፋ ጠርሙስ አጠመዳቸው፤ እሳትም ባቀረበለት ጊዜ ጋዙ በሰማያዊ ነበልባል ነደደ። በዚያ ቀላል ሥራ ሰው ከውሃ በታች ያለውን ጋዝ በእጁ ያዘ፤ ነገር ግን ቮልታ የያዘው ራሱ ወደ ላይ የወጣውን አረፋ እንጂ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የቀረውን አልነበረም።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የገለጠው የእንግሊዙ ኬሚስት ዊልያም ሄንሪ ነው። በ1803 እንዳስረዳው፣ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው የጋዝ መጠን በላዩ ካለው የዚያው ጋዝ ግፊት ጋር አብሮ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲቀንስም ጋዙ ከውሃው ይወጣል። ይህን ሕግ እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ሳያውቀው በማዕድ ላይ ይመለከተዋል፤ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ተዘግቶ ሳለ ጸጥ ያለ ሲሆን ክዳኑ በተነሣ ጊዜ የሚፈላው ታምቆ የቆየው ጋዝ የሚጫነውን ግፊት ስላጣ ነው። እንግዲህ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ግፊቱ በአንድ የከባቢ አየር መጠን የሚጨምር በመሆኑ፣ ከ400 ሜትር ጥልቀት የተቀዳ ውሃ በገመድ ተጎትቶ ወደ ላይ በወጣ ቍጥር ከ40 እጥፍ በላይ ግፊት ይለቅቀዋል፤ በውስጡ የነበረውም ጋዝ መርከቡ ላይ ሳይደርስ ያመልጣል። ሊመሰክር የተጠራው ምስክር ከፍርድ ሸንጎው ሳይደርስ በመንገድ እየጠፋ፣ ዳኞቹ በጎደለ ቃል ሲፈርዱ ኖሩ። ኖርዌያዊው ፍሪድቾፍ ናንሰን የሠራው የናስ መቅጃም ሆነ፣ በ1966 ሼል ኒስኪን ያወጣው የፕላስቲክ መቅጃ፣ ለጨውና ለሙቀት ምርመራ ታላቅ አገልግሎት ቢሰጡም፣ በጋዝ ለተሞላ ጥልቅ ውሃ ግን ሙሉ መልስ አልሆኑም።

ችግሩ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በእኛው ስምጥ ሸለቆ፣ በምዕራባዊው ቅርንጫፉ፣ ዛሬ ሩዋንዳና ኮንጎ በሚዋሰኑበት በኪቩ ሐይቅ ነው። ይህ ሐይቅ 2,370 ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ ስፋትና 485 ሜትር ጥልቀት ያለው ሲሆን፣ በጥንት ዘመን ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይፈስ የነበረውን መውጫ የቪሩንጋ እሳተ ገሞራዎች ስለ ዘጉበት፣ ውሃው ዛሬ በሩዚዚ ወንዝ ወደ ታንጋኒካ ይወርዳል። ከወለሉ የሚገባው ጨዋማ ውሃ ከባድ ስለ ሆነ ከታች ተኝቶ ይቀራል፤ የላይኛውና የታችኛው ውሃ ስለማይደባለቁ በጥልቁ የሚፈጠረው ጋዝ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲከማች ኖሯል። ቤልጅያዊው የእንስሳት ሊቅ ሁበርት ዳማስ በ1935 ሐይቁን በመረመረ ጊዜ፣ ከጥልቁ ያወጣው ውሃ በጋዝ የተሞላ መሆኑን አስታወቀ። በ1955 ሽሚትስና ኩፌራት በጥልቁ ውሃ የሟሟው ጋዝ ስለሚያስነሣው ጥያቄ ጽፈው አሳተሙ፤ በ1963ም በሩቦና ጫፍ የተተከለ አነስተኛ መሣሪያ ሜቴኑን ከጥልቁ እየሳበ በጊሴኚ ላለው የቢራ ፋብሪካ ማገዶ ማቅረብ ጀመረ። ጀርመናዊው ክላውስ ቲትሰ በ1970ዎቹ ያደረገው ምርመራ፣ በኋላም ሌሎች የደገሙት ስፈራ፣ በሐይቁ ውስጥ 60 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ሜቴንና 300 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳለ አስረዳ። በዚህ ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ 26 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የኪቩዋት ጣቢያ በ2016 ተመርቋል።

ስፈራው ለማገዶ ብቻ የሚፈለግ አልነበረም። በካሜሩን አገር በሞኑን ሐይቅ በ1984 ሰላሳ ሰባት ሰዎች፣ በኒዮስ ሐይቅ ደግሞ በ1986 ነሐሴ 21 ቀን፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 15 ቀን 1978 ዓ.ም. ሌሊት፣ 1,700 የሚሆኑ ሰዎች ከነከብቶቻቸው አለቁ። ገዳዩ በሐይቁ ጥልቅ ውስጥ ሟሙቶ የኖረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ውሃው በድንገት በተገለበጠ ጊዜ ጋዙ ፈልቶ ወጥቶ እንደ ጎርፍ ወደ ሸለቆዎቹ ወረደ፤ የተኙትንም በእንቅልፋቸው አፈነ። የእነዚያ መንደሮች ሕዝብ የቀላዩን ጋዝ መጠን የሚነግረው አንድ ሰው ቢያገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ነፍስ ምናልባት ባልጠፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ በውሃ ውስጥ ያለን ጋዝ መለካት ከሊቃውንት ጉጉት ወጥቶ የነፍስ አድን ሥራ ሆነ፤ በኒዮስም ጥልቁን ውሃ በቧንቧ እየሳቡ ጋዙን በልክ የሚያስተነፍሱ መሣሪያዎች ተተከሉ።

በውቅያኖስ በኩል ጥያቄው ተቃራኒ መልክ ነበረው። በኪቩ ጥልቅ አንድ ሊትር ውሃ የሚይዘው ሜቴን በክፍት ውቅያኖስ ገጽ ካለው አሥር ሚሊዮን ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፣ የባሕር ተመራማሪው ችግር የጋዙ መብዛት ሳይሆን እጅግ ማነሱ ነው። በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ቤት ይሠሩ የነበሩት ስዊነርተንና ሊነንቦም በ1962 ከባልደረባቸው ጋር፣ የሟሟውን ጋዝ በንጹሕ ጋዝ አረፋ ጠርገው ካወጡ በኋላ ጋዝ ክሮማቶግራፍ በተባለው መሣሪያ የሚለዩበትን ዘዴ አሳተሙ፤ በ1967ም በባሕር ውሃ ያሉትን ሃይድሮካርቦኖች በዚህ መንገድ ለኩ። ዘዴው እስከ ዛሬ የሌሎች ልኬቶች ሁሉ መፈተኛ ሆኖ ቢኖርም፣ በአንድ ጉዞ ጥቂት ጠርሙሶችን ብቻ ስለሚመረምር በሁለት ጠርሙስ መካከል ያለውን፣ በሁለት ሰዓት መካከል የተለወጠውን ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ ውሃውን ወደ መሣሪያው ከማምጣት ይልቅ መሣሪያውን ወደ ውሃው መላክ ይሻላል የሚል ሐሳብ እየበረታ ሄደ።

ይህ ሐሳብ ፍሬ ያፈራው በ1990ዎቹ በጀርመን አገር የውሃ ውስጥ የሜቴን ሴንሰር በተሠራ ጊዜ ነው። የአሠራሩ ምሥጢር ውሃን ከልክሎ ጋዝን በሚያሳልፍ ስስ የሲሊኮን ሽፋን ላይ የተመሠረተ ነው። ሴንሰሩ በገመድ ወደ ጥልቁ ሲወርድ፣ በውሃው የሟሟው ሜቴን በሽፋኑ በኩል ወደ ትንሽ ክፍል እየገባ፣ በውስጥና በውጭ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ድረስ ይሞላዋል፤ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው የቆርቆሮ ኦክሳይድ ሴሚኮንዳክተርም ሜቴኑ በነካው መጠን የኤሌክትሪክ ኀይል የማስተላለፍ ባሕርዩ ይለወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሴንሰሮች ግን እንከን ነበረባቸው፤ ሚዛኑ እስኪደርስ ደቂቃዎች ስለሚፈጅ ቶሎ የሚለዋወጠውን ውሃ ሳያዩት ያልፋሉ፤ ሙቀትና ኦክስጅን ሲለወጡ ይሳሳታሉ፤ ለረጅም ጊዜ በውሃ ውስጥ የቆየ ሽፋንም በዋቅላሚ ይሸፈናል። ከ2000 በኋላ ግን ሜቴን በባሕርዩ የሚውጠውን የብርሃን ዓይነት፣ ለምሳሌ 1.65 ማይክሮሜትር ርዝመት ያለውን የኢንፍራሬድ ሞገድ፣ በሌዘር እያበሩ ከብርሃኑ ምን ያህል እንደ ተዋጠ መለካት ተጀመረ፤ ይህም ሜቴንን ከሌሎች ጋዞች የሚለይ፣ በሰከንዶች ውስጥ መልስ የሚሰጥ ልኬት ሆነ።

ስምጥ ሸለቆው ወደ ሰሜን ወርዶ ባሕር በሚሆንበት በባሕረ ኤርትራ ያለው ቀላይም ለዚህ ጥበብ ታላቅ መፈተኛ ሆኗል። የስዊድን አልባትሮስ መርከብ በ1948 በወለሉ አጠገብ ያልተለመደ ሙቀትና ጨው አስተዋለች፤ በ1960ዎቹም ሌሎች መርከቦች ነገሩን አጥንተው፣ ከ2,000 ሜትር በታች አትላንቲስ ሁለት ጥልቅ በሚባለው ስፍራ፣ ከባሕሩ ብዙ እጥፍ ጨዋማ የሆነ ትኩስ ውሃ እንደ ተኛ አረጋገጡ። በ2003 የታተመው የሽሚትና የባልደረቦቹ ጥናት በዚህና በአካባቢው ባሉ ጥልቆች፣ ጨዋማው ውሃ ከባሕሩ ውሃ ጋር በሚገናኝበት ድንበር ላይ ሜቴን በጥቂት ሜትሮች ርቀት እንዴት እንደሚለዋወጥ አሳየ። በዚያ ስስ ድንበር ላይ ሜቴንን የሚበሉ ሌሎች ደቂቅ ዘአካላት ይኖራሉ፤ ከታች የተፈጠረው ሁሉ ወደ ከባቢ አየር እንዳይወጣ የሚጠብቁ በረኞች እነርሱ ናቸው።

የዚህ ሁሉ ዘመን ልፋት ዋጋ ግልጽ ሆኖ የታየው እንደ ገና በኪቩ ነው። በ2004 የተደረገው ልኬት ከ1974ቱ ጋር ሲነጻጸር ሜቴኑ በሠላሳ ዓመት ውስጥ እስከ 15 በመቶ የጨመረ ስላስመሰለ፣ ሐይቁ ወደ መገልበጥ እየቀረበ ይሆን የሚል ስጋት በዙሪያው ስለሚኖሩት ሚሊዮኖች ተነሥቶ ነበር። በመጋቢት 2018 ልዩ ልዩ የምርምር ቡድኖች በአንድ ሐይቅ ላይ ተሰብስበው፣ አንዱ ጋዙ ሳያመልጥ በጥልቁ በታሸገ ከረጢት እየቀዳ፣ ሌላው ውሃውን በቧንቧ እየሳበ፣ የፈረንሳዩም ቡድን በሌዘር የሚሠራ ሴንሰር ወደ ውሃው እያወረደ፣ ውጤታቸውን እርስ በርሳቸው አመሳከሩ። ስምምነታቸውም የጋዙ መጠን ባለበት ጸንቶ የኖረ እንጂ በፍጥነት የሚያድግ አለመሆኑን መሰከረ። አንድ ቁጥር ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ልኬት እውነት የሚሆነው በሌላ ልኬት ሲጸና፣ በየዘመኑም ሲደገም ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የሐይቆቻችንን ጥልቅ በመሣሪያ የመመርመር ሥራ እውነተኛ መሠረት የተጣለው በቢሾፍቱ ነው። በ1960ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ባክስተር፣ ፕሮሰርና ውድ፣ ከእንግሊዛዊው ጄ. ኤፍ. ታሊንግ ጋር ሆነው፣ በእሳተ ገሞራ አፎች ውስጥ የተፈጠሩትን ሐይቆች ሙቀትና ኦክስጅን በየጥልቀቱ መዝግበው በ1965 አሳተሙ፤ በ1968ም የቢሾፍቱ ሐይቆችን ጥልቀትና ኬሚስትሪ የሚገልጽ ጥናት አወጡ። ምሁራኑ እንዳስረዱት፣ 87 ሜትር የሚጠልቀው የቢሾፍቱ ሐይቅ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል የሞቀው ውሃ ከላይ፣ ኦክስጅን ያጣው ከታች ሆኖ ተለያይቶ ይኖራል፤ ታኅሣሥና ጥር ሲደርሱ ግን የሌሊቱ ብርድ የላይኛውን ውሃ ያከብደዋል፤ ሁለቱ ሲደባለቁም ዓሦች በድንገት የሚያልቁበት ጊዜ አለ። ኦክስጅን ያጣ ጥልቅ ውሃ የሜቴን መወለጃ ስለ ሆነ፣ እነዚህ ሐይቆች ለሜቴን ምርመራ ከሁሉ ቀድመው የሚጠሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዝናቡ ገብረ ማርያም ከባልደረቦቻቸው ጋር የሰባት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን የረጅም ዘመን የኬሚስትሪ ለውጥ አጥንተው በ2002 ማሳተማቸው፣ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት የራሳቸውን ውሃ መዝገብ መያዝ እንደ ቻሉ ያሳያል።

አባያ ራሱ ለውጭው ዓለም የታወቀው ጣልያናዊው ተጓዥ ቪቶርዮ ቦቴጎ በ1890ዎቹ በደረሰበት ጊዜ ሲሆን፣ እርሱም በአገሩ ንግሥት ስም ማርጌሪታ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ የግድቾ ደሴት ሰዎች ግን ከቀላል እንጨት በተሠራ ታንኳ ሐይቁን ሲሻገሩት ከቦቴጎ በፊት ብዙ ትውልድ አልፏል። ኋላ በ2001 በድሬስደን ስለ አባያና ጫሞ ተፋሰስ የዶክትሬት ጥናታቸውን ያቀረቡት ስለሺ በቀለ፣ የሁለቱን ሐይቆች ወለል በመሣሪያ ለክተው ካርታ ካወጡት መካከል ናቸው። አባያ ከ1,100 ኪሎ ሜትር ካሬ በላይ ቢሰፋም ጥልቀቱ ከ13 ሜትር ገደማ አያልፍም፤ ስለዚህ እንደ ኪቩ ጋዝ ለዘመናት ሊያከማች አይችልም፤ ከሸለቆው የሚነሣው ነፋስ እስከ ወለሉ ያናውጠዋልና። ነገር ግን ብላቴ ወንዝ ከወላይታና ከአጎራባቹ አገር እያጠበ የሚያመጣው ደለል በወለሉ በተከመረ መጠን ለደቂቅ ዘአካላቱ ምግብ ይበዛል፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ደግሞ ከጭቃው የተነሣ አረፋ ሳይሟሟ በቶሎ ወደ አየር ይወጣል። ሜቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል የሚበረታ በመሆኑ፣ ከተራራው የሚታጠበው አፈር በሐይቁ በኩል ከባቢ አየርን የሚነካበት መንገድ ይህ ነው።

በምዕራቡ በኩል ያለው ውሃ ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ240 ሜትር በላይ የሚረዝመውና 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል ጠባብና ጥልቅ ሐይቅ ፈጥሯል። ስለ እንዲህ ያለ ሐይቅ ትምህርት የሚሰጠን በፈረንሳይ ጉያና በ1994 መሞላት የጀመረው የፔቲ ሶ ግድብ ነው። በዚያ ደኑ ሳይመነጠር በውሃ ስለ ተዋጠ በጥልቁ ብዙ ሜቴን ተፈጠረ፤ ውሃውም በተርባይን በኩል ሲወጣ ግፊቱን በማጣቱ ጋዙን ለቀቀ፤ የቀረው ሜቴን የወንዙን ኦክስጅን እንዳይጨርስ ሠሪዎቹ ከግድቡ በታች ውሃውን አየር የሚያጠጣ መፏፏቻ ለመሥራት ተገደዱ። የእኛ ሸለቆ ከዚያ ዝናባማ ደን የተለየ ነው፤ ስለዚህም የሌላው ግድብ ቁጥር ለእኛ ፍርድ ሊሆን አይገባም፤ የእኛን ውሃ የሚገልጸው በእኛው ውሃ ውስጥ የወረደ መሣሪያ ብቻ ነው።

ወላይታ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ከአባያ ምዕራብ በሚገኘው በሁምቦ ተራራ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ምድር፣ ገበሬዎቹ ከሥሩ ያልሞተውን ጉቶ ጠብቀው እንዲያንሠራራ በማድረጋቸው ዳግመኛ ደን ለበሰ፤ ሥራውም በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥም 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እንደሚይዝ ታሰበለት። ያ ስሌት የተቻለው የአገሩ ሰዎች የዛፎቹን ውፍረት በየጊዜው ስለ ለኩ ነው። በዛፍ ላይ የተቻለው በውሃ ላይ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1979 ዓ.ም. ከተቋቋመው የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ያደገው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም፣ በአባያና በግልገል ጊቤ ሦስት ሐይቅ ሴንሰር አውርደው ወር በወር፣ ክረምት ከበጋ፣ በአንድ ዓይነት ዘዴ የሚመዘገብ የልኬት መዝገብ ቢከፍቱ፣ ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ሀብት ከብዙ ሕንጻ ይበልጣል። መሣሪያው ዛሬ አንድ ሰው የሚሸከመው ሆኗል፤ የሚያስፈልገው ሽፋኑን የሚያጸዳ እጅ፣ ቁጥሩን የሚያመሳክር አእምሮና ሥራውን በየዓመቱ የማያቋርጥ ጽናት ነው። የኒዮስ ሕዝብ ልኬት የቀረበለት ከሞት በኋላ ነበር፤ የኪቩ ሕዝብ ግን በልኬት ብርሃን አገኘ፤ ከስጋትም ዐረፈ። እኛም የውሃዎቻችንን ውስጥ ለማወቅ የሌላ አገር መርከብ እስኪመጣ አንጠብቅ፤ ወጣቱ ተማሪ ገመዱን ይያዝ፣ መምህሩ መዝገቡን ይክፈት፣ ሹሙም በጀቱን አይንፈግ።